በጅቡቲ ጥላ ስንተክል

ጅቡቲ ውስጥ ድንጋይ የሚገዛ ሰው አላየሁም። ቤት የሚሠራ ሰው መሠረት ሲቆፍር የሚያወጣው፣ መንገድ ሲሰፋ ወደ ዳር የሚገፋው፣ ባልባላ ሰፈር ላይ ደግሞ አጥር የሚሆነው ያው ጥቁር ድንጋይ ነው። በተከራየሁት ግቢ የድንጋይ አትክልት ቦታ ልሠራ እንዳሰብኩ ስነግራቸው አከራዬ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ሙሴ፣ ድንጋዩን ካነሳህልኝማ ከኪራዩ እቀንስልሃለሁ» አሉኝ። የማነሳ ሳይሆን የምጨምር መሆኔ ሲገባቸው ኪራዩ በነበረበት ረጋ።

አከራዬ አማርኛ የለመዱት በአሮጌው ባቡር ዘመን ነው። ያ ሐዲድ ከዚህ መዘርጋት የጀመረው በ1897 ሲሆን፣ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከተማዋም ከሐዲዱ ጋር አብራ ስላደገች፣ ገበያ ውስጥ በአማርኛ ዋጋ ብትጠይቁ የሚመልስላችሁ አታጡም። እኔን ያመጣኝ የወደብ ሥራ ነው። ከኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ጭነት ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚህ በኩል ስለሆነ ሐበሻ ትራንዚተር እዚህ ብርቅ አይደለም፤ ከሥራ በኋላ አካፋ የሚይዝ ትራንዚተር ግን ብርቅ ነው። ቀትር ላይ ከተማዋ በሯን ትዘጋለች። ጫቱ ከኢትዮጵያ ደርሶ ይታደላል፣ ሱቁ ይቆለፋል፣ ሰው ሁሉ ወደየጥላው ይገባል። በዚያ ሰዓት ጓሮ ውስጥ ቆሞ ግንብ የሚለካ ሰው ያበደ ይመስላል፤ ጎረቤቶቼም ይህንን ከመጠርጠር አልቦዘኑም።

ግቢው ጋቦዴ በሚባለው ሰፈር ነው። ቤቱን ከሁለት ወገን የሚያቅፍ ገላጣ መሬት አለው፤ አንደኛው በደቡብ በኩል ጠባብና ረጅም፣ ሌላው በምዕራብ በኩል ሰፊ። ከእኔ በፊት የነበሩት ተከራዮች ሣር ሞክረው ነበር አሉ። የቀረው ምልክት አንድ የተቀደደ የውሃ ጎማና ነጭ የጨው ቅርፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ እዚህ 200 እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ሣሩን ለሚችለው ትቼ ወደ ካክተስ፣ ወደ እሬት፣ ወደ ቁልቋል፣ በአጠቃላይ ውሃ ቋጥረው ወደሚኖሩ ተክሎች ዞርኩ። ሰው ሁሉ ሐሳቤን አጸደቀው፤ ምክንያቱም ሁሉም አንድ ነገር ያውቃል፦ ካክተስ ፀሐይ ይወዳል።

ይህ የሁሉም ዕውቀት ጅቡቲ ላይ አይሠራም። ያንን ያስተማረኝ የባቡር መስኮት ነው።

በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ከድሬዳዋ ተነስቶ ሽንሌን፣ ሐደጋላንና አይሻን እያለፈ ወደ ደወሌ ይወርዳል፤ ከድንበሩ ማዶ አሊ ሳቢህ በቀይ ጋራዎቿ ትቀበላችኋለች። መንገዱ ሁሉ ማንም ያላቀደው የድንጋይ አትክልት ቦታ ነው። መስኮቱን ይዞ አስተውሎ ለሚያይ ግን ሥርዓት አለው። እሬቱ ከድንጋዩ ግርጌ ተጠግቷል። ቃጫው ከግራሩ ሥር ተሰብስቧል። ገላጣው ላይ ብቻውን የቆመ ካለ አርጅቶ የጠነከረ ነው፤ እሱም ሕፃን በነበረበት ጊዜ ያስጠለለው ቁጥቋጦ ሞቶ ከአጠገቡ ጠፍቶ ይሆናል። በአሜሪካ በረሃ ያለው ግዙፉ ሳጓሮ ካክተስ ራሱ በሕፃንነቱ ሌላ ዛፍ ሥር ተከልሎ ነው የሚያድገው፤ ሲገዝፍ ሞግዚቱን ይበልጣታል፣ አንዳንዴም ይገድላታል። በመኪና ከመጣችሁ ደግሞ ግራንድ ባራን ታያላችሁ፦ ጠፍጣፋ፣ የተሰነጣጠቀ የጭቃ ሜዳ፣ ድንጋይ የሌለበት። ተክልም የለበትም ማለት ይቻላል። ድንጋዩ ላይ የወረደች ዝናብ ተንሸራታ ግርጌው ትገባለች፤ ስለዚህ እዚያ የበቀለ ተክል የራሱንም የድንጋዩንም ድርሻ ይጠጣል። ሥሩ የሚያድርበት ደግሞ ፀሐይ ያልነካው አፈር ነው። ፍየልም ብትሆን ድንጋይ መካከል አፏን ለመክተት ሁለት ጊዜ ታስባለች።

ጅቡቲ ላይ የካክተስ ግቢ ሲታቀድ የሚታቀደው እንግዲህ ጥላው ነው። ተክሉ በኋላ ይመጣል።

ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የምትመላለሰው ከአናታችን በስተ ሰሜን ነው። አዲስ አበባም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ግን እዚያ በክረምቱ ደመና ማን ልብ ይለዋል? እዚህ ግን ነገሩ የሞት ሽረት ነው። በሰኔ ከግንብ በስተ ደቡብ ያለ መሬት ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይውላል፤ ጥላው ጧትና ማታ ይሰፋል፣ እኩለ ቀን ላይ ይጠባል። ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ በጣም በሚጠብበት ሰዓት እንኳን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይከልላል። በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምትወርድ ያው ቦታ ሲሞቅ ይውላል። ሙቀቱ ሲያቃጥል ጥላ፣ ቀዝቀዝ ሲል ፀሐይ፦ ማንም ሳያቅደው የተገኘ ነው። ያ ጠባብና ረጅም የደቡብ መሬት፣ አከራዬ «የቆሻሻ በርሜል ማስቀመጫ» የሚሉት፣ የግቢው ምርጥ ቦታ ሆኖ ተገኘ። የጥላውን ዳር በኖራ እያሰመርኩ ቆየሁና ከዚያ ውስጥ ብቻ ለመጀመር ወሰንኩ። ሰፊው የምዕራብ መሬት ከቀትር በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል፤ በክረምቱ ወራት ከበረሃው የሚነሳው ካምሲን የሚሉት ነፋስም አሸዋውን ይዞ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። እዚያ የገባ ተክል ነፋስ የሚሰብር ነገር ይፈልጋል፤ ካልሆነም ጥቁር መረብ።

ቀጥሎ ድንጋዩ። ግቢውን የሚጠብቀው ወጣት ከወሎ፣ ከቆቦ በኩል የመጣ ነው። ከኦቦክ ባሕር ተሻግረው ወደ የመን የሚሄዱት ብዙዎች የሚከተሉትን መንገድ ይዞ ታጁራ ድረስ ሄዷል፤ ከዚያ ተመለሰ። ስለዚያ ብዙ አያወራም፣ እኔም አልጠይቀውም። ስለ ድንጋይ ግን ያወራል። ዲጂኖውን ከትልቁ ድንጋይ ሥር አስገብቶ ገለበጠና፣ «ጋሼ፣ ይሄማ ሆዱ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ለዘመናት ፀሐይና ነፋስ ያገኘው ገጽ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነው፤ መሬት ላይ ተኝቶ የኖረው ደግሞ ነጭ የኖራ ልባስ አለው። ሆዱን ወደ ላይ አድርገው የከመሩት ድንጋይ ከሩቅ ከፈረሰ ቤት የመጣ ፍርስራሽ ይመስላል። ጀርባው ወደ ላይ፣ ከቁመቱ ሲሶ ያህል ተቀብሮ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ተንጋሎ ሲቀመጥ ግን ድሮም እዚያ የነበረ ይመስላል። መንጋለሉ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ጫፉ ላይ ያረፈችውን ውሃ ወደ ጉብታው ውስጥ እንዲመልስ ነው።

ጥቁሩ ድንጋይ ግን አንድ ጠባይ አለው። በሐምሌ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 41 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሙሉ ፀሐይ ያገኘ ባዛልት ደግሞ ከአየሩ እጅግ ይብሳል፣ እንደ ምጣድ ይግላል፣ የተጠጋውን ቅጠል ይጠብሳል። ስለዚህ ጥቁሮቹን ከኋላና ከጥላ ውስጥ፣ ነጫጮቹን ከፊት አደረግን። ነጩ ድንጋይ ከየት ይመጣል ብትሉ፣ አሮጌዋ ጅቡቲ የተሠራችው ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይ ነው፤ በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ ያሉት ቅስት በረንዳ ያላቸው ቤቶች ግንባቸው ሲላጥ ዛጎሉ ይታያል። (አደባባዩ ከነፃነት ወዲህ የሰኔ 27 1977 አደባባይ ተብሏል፤ ታክሲ ነጂው ግን ዛሬም ምኒልክ ነው የሚለው።) ከባሕር መልቀም ነውርም ጥፋትም ነው። እኔ የወሰድኩት ሰፈራችን ውስጥ ከፈረሰ አጥር ነው፤ በጨው የተሞላ ስለነበር ጨው በሌለው ውሃ ደጋግመን አጠብነው።

ከድንጋዩ በፊት የገባ አንድ ነገር ረሳሁ፦ የውሃ መውጫ። በረሃ ላይ ስለ ጎርፍ ማሰብ ያስቃል፤ ግን በግንቦት 2018 ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ፣ በኅዳር 2019 ደግሞ ለቀናት የጣለ ዝናብ ይህችን ከተማ አጥለቅልቀዋታል። ውሃ ቋጣሪ ተክል ደግሞ ከጥማት ይልቅ የሚሞተው ሥሩ ሲበሰብስ ነው። ስለዚህ ጉብታውን ከግቢው ወለል ከፍ አድርገን፣ ከሥሩ ሸካራ ጠጠር አንጥፈን፣ ከግንቡ ግርጌ ቀዳዳ አበጀን። አፈሩ ሁለት እጅ ጠጠር፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ያረጀ የፍየል በጠጥ ነው። አሸዋው ከደረቅ ወንዝ እንጂ ከባሕር ዳር እንዳይሆን ደላላውን ስንት ጊዜ እንደጠየቅሁት! ምላሱ ላይ አድርጎ ቀምሶ አሳየኝ። እኔም ቀመስኩ። አዲስ አበባ ቢሆን ሬዳሽ እጨምር ነበር፤ እዚህ ያው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀላል ጠጠር ይተካዋል። ለነገሩ አገሩ ሁሉ እሳት የወለደው ነው፤ አሳል ሐይቅ አጠገብ ያለው አርዱኮባ በ1978 ፈንድቶ ያፈሰሰው ድንጋይ ዛሬም ትናንት የወጣ ይመስላል።

እዚህ ላይ ስለ ላንሳሮቴ ሳላነሳ አላልፍም። በአትላንቲክ ያለች የስፔን ደሴት ናት፣ እንደ ጅቡቲ ጥቁርና ደረቅ። ገበሬዎቿ እርሻቸውን በእሳተ ገሞራ ጠጠር ያለብሳሉ፤ ጠጠሩ የሌሊቱን ጤዛ ይይዛል፣ ቀን ደግሞ የአፈሩን እርጥበት ከትነት ይጠብቃል። ሴሳር ማንሪኬ የተባለው ሠዓሊ ያ ጠጠር የሚቆፈርበትን የተተወ ጉድጓድ በካክተስ ሞላውና በ1990 ተከፈተ፤ ከ4,000 በላይ ተክል አለበት። የጠጠር ልብሱን ሐሳብ ከዚያ ወሰድኩ፣ አፈሬን ሁሉ ሁለት ጣት ውፍረት ባለው ጠጠር ሸፈንኩ። የተክሉን ዝርዝር ግን አልወሰድኩም፤ ምክንያቱም ላንሳሮቴ ሌሊት ይበርዳታል።

ነገሩ ይህ ነው። ካክተስና እሬት እንደ ሌላው ተክል ቀን አይተነፍሱም። የቅጠልና የግንድ ቀዳዳቸውን ቀን ዘግተው ሌሊት ይከፍታሉ፤ የሚፈልጉትን አየር በቀዝቃዛው ሰዓት አስገብተው፣ ቀን በሩን ቆልፈው ምግባቸውን ይሠራሉ። ውሃ የሚቆጥቡት በዚህ ነው። ይህ ብልሃት ግን ሌሊቱ ሲበርድ ነው የሚሠራው። ጅቡቲ በሐምሌ ሌሊት ከ30 ዲግሪ እምብዛም አትወርድም። ያን ጊዜ ተክሉ ቀዳዳውን ቢከፍት ውሃ ያጣል፣ ቢዘጋ ይራባል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ይቆማል። ቆሟል ብላችሁ ብታጠጡት ደግሞ ይበሰብሳል። ከሜክሲኮ ደጋ የመጡትን ትንንሽ ድቡልቡል ካክተሶችና አዲስ አበባ ካፌ ጠረጴዛ ላይ የምናያቸውን ጽጌረዳ መሳይ ኤቼቬሪያዎች ከእቅዴ የሰረዝኩት ለዚህ ነው። እዚህ የእድገት ወራት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው፤ መትከልም ያን ጊዜ ነው። አገር ቤት ለክረምት የሚተከለው እዚህ ለበጋ ነው የሚተከለው።

ታዲያ ምን ተተከለ? እሬት አዎን። ግን የትኛው እሬት? ኢትዮጵያ በእሬት የታደለች አገር ናት፤ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ እሬቶች ያዘጋጁት መጽሐፍ ሲገለጥ ዓይን አይጠግብም። የደብረ ብርሃኑ እሬት አለ፣ የአንኮበር ገደል እሬት አለ፣ ድሬዳዋ አጠገብ ባለችው ሐርላ የተሰየመ አለ። ልብ ቢከጅልም የደጋውን እሬት ወደ ባሕር ጠረፍ ማውረድ ግፍ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ ከተለመደው፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ከምናውቀው አሎ ቬራ በስተቀር እሬቶች፣ ውሃ ቋጣሪ ቁልቋሎች፣ ካክተሶችም ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ሳይተስ በተባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሥር ናቸው። ኢትዮጵያም ጅቡቲም ፈርመዋል። ለቀረጥ ወረቀት ስጨቃጨቅ የምውል ሰው፣ ከሐደጋላ ጋራ የነቀልኩትን እሬት በሻንጣ ይዤ ደወሌን ስሻገር አስቡት! ስለዚህ ሁሉም የመጣው ከዚሁ ከከተማዋ ነው፤ አንዳንዱ በአምቡሊ በኩል መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት፣ አንዳንዱ ከጎረቤት አጥር ተቆርጦ።

ቃጫው ያለ ምንም ልፋት ያዘ። ሴሪየስ የሚባለው ቋሚ ካክተስ ሞቃት ሌሊት ከሌላው ይልቅ ስለሚችል የግንቡ ማዕዘን ተሰጠው። እንዳሁላ ከትልቁ ድንጋይ ኋላ ገባ። አንድ ድቡልቡል ባለ ወርቃማ እሾህ ካክተስም አለ፣ ከመረብ ሥር፤ ይህ ዓይነቱ ፀሐይ ካቃጠለው የሚወጣበት ቢጫ ጠባሳ ዕድሜ ልኩን አይጠፋም። በለስም ገባ፤ የወሎው ልጅ ያለ በለስ ምን ግቢ ነው አለ። ለእሱ ቁልቋልና በለስ ወንድማማች ይመስሉታል፤ እንዳልሆኑ ላሳየው ከሁለቱም ትንሽ ቆረጥኩ። ከቁልቋሉ ነጭ ወተት ዘነበ፣ ከበለሱ ግን ውሃ መሳይ ዝልግልግ። ወተቱን ሲያይ ግን አስተማሪው እሱ ሆነ፦ «ጋሼ፣ ዓይንዎን እንዳይነኩ! እኛ አገር በዚህ በሬ ታውሯል።» የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ዓይን ከገባ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ እውነት ነው፤ ጓንት ማድረግ፣ ከነካም በብዙ ውሃ አጥቦ ቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ሁለቱ ተክሎች በተለያየ ክፍለ ዓለም ተወልደው ድርቅ ነው አንድ መልክ የሰጣቸው። በለስ አሜሪካዊ ነው፤ ለእኛ አገር እንግዳ ነው ብለን ለማመን የሚከብደን ግን ትግራይና ወሎ ላይ ስንት ክረምት ሰው ስላሳለፈ ነው።

የተቆረጠውን ሁሉ ወዲያው አልተከልንም። የእሬቱን ቁራጭ ጥላ ውስጥ ካርቶን ላይ አጋድሜ በየጧቱ አየው ነበር። መጀመሪያ ቁስሉ ያብረቀርቃል፣ ከዚያ ይደበዝዛል፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይሸበሸባል፣ በመጨረሻ በጥፍር ሲነካ የሚንኳኳ ቅርፊት ያወጣል። ቅርፊቱ ሳይጠና አፈር የገባ ቁራጭ ይሻግታል። ከተተከለም በኋላ ለሳምንት ያህል ውሃ አያገኝም። አከራዬ ይህን ሲያዩ፣ «አንተ ተክሉን ልትተክለው ነው ወይስ ልትቀጣው ነው?» ብለውኛል።

የውሃው ነገር ለብቻው ቢወራ ይገባዋል። የጅቡቲ ከርሰ ምድር ውሃ ለዘመናት ብዙ ስለተቀዳ ባሕሩ ወደ ውስጥ ገብቶበታል፤ ከቧንቧ የሚመጣው ውሃ ብዙ ጊዜ ጨው ጨው ይላል። ከ2017 ጀምሮ ከሐደጋላ ጉድጓዶች በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቧንቧ የኢትዮጵያ ውሃ ይመጣል፤ በ2021 ደግሞ ዶራሌ ላይ የባሕር ውሃ የሚያጣራ ጣቢያ ተመርቋል። ለሰው መጠጥ ነው የተደከመበት፤ ለካክተስ ማፍሰስ ያሳፍራል። እኔ ያገኘሁት መፍትሔ ግድግዳዬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፦ ኤሲው፣ እዚህ ክሊም የሚሉት። ክሊሙ ከክፍሉ አየር የሚጨምቀው ውሃ በቀጭን ጎማ ወጥቶ ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠባል። ያ ውሃ ጨው የለበትም፣ ከደመና እንደወረደ ያህል ነው። የጎማውን ጫፍ ጀሪካን ውስጥ ከተትኩት። ባሕሩ ወበቅ በሚተነፍስበት ቀን ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ካምሲን ሲነፍስ አየሩ ስለሚደርቅ ግማሽም አይሞላም። እኔ ግን ከጀሪካኑ ነው ነገ የሚሆነውን የማውቀው፣ ከስልኬ አይደለም። ለመጠጥ አይሆንም፣ ማሽኑ ውስጥ ያለ አቧራና ሻጋታ ስላለበት፤ ለእሬትና ለካክተስ ግን ከዚህ የተሻለ የለም። የቧንቧ ውሃ የግድ ሲሆን ደግሞ በትንሽ በትንሹ ማጠጣት ጨውን ማከማቸት ነው፤ አንዴ ብዙ አፍስሶ ጨውን ከሥሩ አጥቦ በመውጫው ማስወጣት ይሻላል።

እንስሳቱ አልረሱንም። ከህንድ መርከብ ተሳፍሮ የመጣው ግራጫ አንገት ቁራ ይህችን ከተማ ወርሷታል፤ አዲስ የተተከለ ቁራጭ ሲያይ ምን እንደተቀበረበት ሳያጣራ አይሄድም። በየቁራጩ ዙሪያ ጠጠር መከመር ነበረብን። የጅቡቲ ፍየል ደግሞ ካርቶን በልታ ያደገች ናት፣ የምትንቀው ነገር የለም፤ ቁልቋሉን አሽትታ ተወች፣ በለሱን ግን ከነእሾሁ ገመጠችው። ከዚያ ወዲህ በሩ ይዘጋል።

ከእቅዱ አውቄ ያስወጣሁት አንድ ነገር ፕሮሶፒስ ነው። ጥላ ቶሎ ይሰጥሃል ብለው የመከሩኝ ነበሩ። አፋር ላይ ያን ተክል ያየ ሰው ግን ዘሩን በእጁ አይነካም፤ የግጦሹን መሬት እንዴት እንደዋጠው አገር ያወቀው ነው፣ እዚህም በየወንዙ ዳር ነግሷል። ስለዚህ ለምዕራቡ መሬት ጥላ የሚሆነኝ ለጊዜው መረቡ ነው፤ በመጪው ጥቅምት አንድ ግራር እዚያ ገብቶ ሞግዚት ይሆናል።

የቀረው የበረሃ ጽጌረዳ ነው። ከባቡል መንደብ ወዲህም ወዲያም የሚበቅል፣ ሆዱ የተነፋ፣ አበባው ሮዝ። ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔተር ፎርስኮል የመን ላይ አይቶ የመዘገበው ነው፤ መጽሐፉ በ1775 ሲታተም እሱ እዚያው በወባ ሞቶ 12 ዓመት አልፎት ነበር። ጅቡቲ ውስጥ ከሁሉም የሚስማማው ይህ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሌላው በሙቀት ሲቆም እሱ ያኔ ነው የሚጠጣውና የሚያድገው። ጎረቤቴ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ አለ። ጎረቤቴ ድሬዳዋ ተወልደው በሐዲዱ ሠራተኛ ባላቸው ምክንያት እዚህ የቀሩ አሮጊት ናቸው። የመጀመሪያ ቀን «እማማ፣ እንደምን አደሩ» ስላቸው ተቆጡ፦ «አቦ አንቱ አትበለኝ! ድሬ ላይ አንቱ የሚባል የለም።» ልቤ ባይፈቅድም አንቺ እላቸዋለሁ፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን ይፍቀዱልኝ።

ቅርንጫፍ ቆርጬ ልወስድ ስጠይቃቸው ከለከሉኝ። ከቅርንጫፍ የተተከለ አበባ ይሰጣል እንጂ ያ የተነፋ ሆዱን በደንብ አያወጣም፤ ሆዳሙ ከዘር የበቀለው ነው። ይህን ከማን እንደተማሩት አልነገሩኝም፣ ልክ ግን ናቸው። ዛፏ ላይ ሁለት ቀንድ የሚመስል ፍሬ አለ፤ ሲደርስ በራሱ ይሰነጠቅና ጫፍና ጫፉ ላይ ጸጉር ያለው ዘር ነፋስ ይዞት ይሄዳል። እሳቸው ሳይሰነጠቅ በፊት በክር ጠምጥመው አስረውታል፣ በሦስት ቦታ፣ እንደ ድሮ ልብስ ሰፊነታቸው በጥሩ ቋጠሮ። የተክሉ ጭማቂ መርዝ ነው፣ በአፍሪካ ብዙ አገር ቀስት ይመርዙበታል፤ እሳቸው ግን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ቀጠሉ።

«ይኸው፣ ሲሰነጠቅ ና ውሰድ። ጠጠርና አሸዋ ላይ ጣል፣ ጥቂት አልብሰው፣ በዚህ ሙቀት በሳምንቱ ይበቅላል። ግማሹ የኔ ነው።»

«የዘሩ ግማሽ ወይስ የበቀለው ግማሽ፣ እማማ?»

«የበቀለው! የሞተውን ምን ላድርገው፣ አቦ?»